በውሾች መጠለያ በትርፍ ሰዓት ሐኪም መሆን፦ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? (ባሕር ዳር)

ግማሽ_ቀን
ጥር 28፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ዛሬ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ከጎንደር ከተመረቅሁ 3 ዓመቴ። ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ ወረዳ በመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ። ውሎዬ ከከብት ጋር ነው፦ የአባ ሰንጋ ክትባት፣ የአባ ጎርባ ክትባት፣ ምጥ የጠናባት ላም፣ ሆዱ የተነፋ በሬ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴትዮ በሰው በሰው አገኙኝ። ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ በዘንዘልማ መንገድ ሰፋ ያለ ግቢ አላቸው። ሜዳ ላይ የወደቀ ውሻና ድመት ሲያነሡ ከርመው አሁን 31 ውሻ፣ 11 ድመትና ጀርባዋ የተላጠ አንዲት አህያ አላቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን እንድመጣላቸው ጠየቁኝ። ክፍያው የደመወዜን ሲሶ ያህላል። ገንዘቡ አይጠላም።

ግን እኔ የላም ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት እያለሁ በእጄ የሠራኋቸው ውሾች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ላም ውስጥ ክንዴን እስከ ብብቴ ሳስገባ ቅንጣት አልፈራም፤ 3 ኪሎ የማትሞላ ድመት ስትነፋብኝ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። አትሳቁ።

ደግሞ እናቴ አለች። ስነግራት እንጀራ እያወጣች ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠችና «ስድስት ዓመት ያስተማርኩህ ለውሻ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን ለእህቴ ነው የምታቀብላት።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሴትዮዋ የተናገሩት ነው። «ስንት እንስሳ ድረስ ነው የሚይዙት?» ብላቸው «ልጄ፣ ሌሊት በር ላይ ጥለውብኝ ሲሄዱ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እኔም መልስ አጣሁ። በዚህ ሥራ ያለፈ ካለ ይንገረኝ።

ባጃጅ_ነጂው
ጥር 28፣ ከምሽቱ 3፡31

ሌሊት ወደ ቤቴ ስገባ ጎማዬን የሚያሳድዱ 6 ውሾች አሉ። እነሱንም ጨምራቸውና 37 አድርጋቸው፣ ነዳጁን እኔ እችላለሁ 😄

ጡረተኛው
ጥር 28፣ ከምሽቱ 4፡15

ልጄ፣ እናትህ ያልፍላታል። የእኔም እናት በዶሮ ምክንያት 1 ዓመት አኩርፋኛለች።

ከ30 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ኖሬያለሁ። የደስታ በሽታ ዘመቻም ላይ ነበርኩ። ስሙን ለማታውቁት፣ ደስታ ማለት ከ1880 ጀምሮ የአገሩን ከብት ጠርጎ ክፉ ቀን ያመጣው ነው፤ ከምድር ጠፋ ተብሎ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። ያን ዘመቻ ሳስብ ትዝ የሚለኝ መርፌው አይደለም፣ በረዶው ነው። ሳጥኑን በበቅሎ ጭነን ቆላ ስንወርድ በረዶው እየቀለጠ እኛ ከፀሐይ ጋር እሽቅድምድም ነበርን። የሞቀ ክትባት ከወጋህ ውሃ ነው የወጋኸው፤ ባለከብቱ ግን ተከተበልኝ ብሎ ይተኛል። ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

ስለዚህ ውሻውን ከማየትህ በፊት ፍሪጁን እይ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ፍሪጁ ክትባት ብቻ ነው የሚይዝ ወይስ ቀኑን ሙሉ ለወተትና ለሽሮ የሚከፈት ነው? መብራት ሄዶ ሲያድር ማን ያውቃል? የ1 ቀን ደመወዝ የማያህል ቴርሞሜትር ግዛና ውስጡ አስቀምጥ።

ራስህ ሳትከተብ ደግሞ እግርህን ግቢው ውስጥ እንዳታስገባ። ሳትነከስ በፊት የሚሰጠው 2 መርፌ ነው፤ ዛሬ ብትጀምር ሁለተኛው በ7ኛው ቀን። እንዲህ ሆነህ ቢነክስህ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥበህ በዕለቱና በ3ኛው ቀን 2 መርፌ ትጨምራለህ፣ አበቃ። ያልተከተበ ሰው ግን ረጅሙን ነው የሚከተብ፤ ንክሻው ከከፋ ሴረምም (ክትባቱ እስኪሠራ የሚከላከል መድኃኒት) ይጨመርለታል። ምልክቱ ከወጣ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን የጥንቱን ክትባት ያየ ሰው ያሁኑን አይፈራም። ሠራተኞቹም ይከተቡ።

ወደ በሩ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። መጠለያ የሚታመመው በበሩ በኩል ነው። አዲስ የገባ ሁሉ ቢያንስ 14 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ የራሱ ሳህን፣ የራሱ መጥረጊያ ይኑረው፤ እሱን የሚመግበው ሰው መጨረሻ ላይ ይመግበው። ግን 14 ቀኑ ለእብድ ውሻ በሽታም ዋስትና እንዳይመስልህ። እሱ ከ1 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆያል። በመጣበት ቀን ክተበው።

ቁጥሩን ደግሞ አንተ ወስን። ሴትዮዋ «እግዜር ያውቃል» ካሉህ፣ እግዜርማ ያውቃል፣ ግቢው ግን አያውቅም። ቁጥር መወሰን ካልተፈቀደልህ እዚያ ቤት የምትገባው በሐኪምነት አይደለም፣ በቀባሪነት ነው።

ግማሽ_ቀን
ጥር 28፣ ከምሽቱ 4፡40

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ፍሪጁ ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። ነገ እጠይቃለሁ።

ሐቁን_ልንገር
ጥር 29፣ ከጠዋቱ 1፡50

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ አልገባኝም። ሰው ባልጠገበበት አገር ለውሻ መጠለያ? የአጎቴ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ተነክሶ ቤተሰቡ ከጤና ጣቢያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ጤና ጣቢያ ሲንከራተት ከረመ። መጀመሪያ ባህል መድኃኒት ተብሎ 3 ቀን ባከነ። ልጁ ዳነ፣ ተመስገን። እናቱ ግን ዛሬም ውሻ ሲጮኽ ትደነግጣለች። መንገድ ላይ ያለውን ሰብስቦ ማጥፋት ነው። ሌላ መላ የለውም።

እንስት_ሐኪም
ጥር 29፣ ከጠዋቱ 3፡05

«ሰብስቦ ማጥፋት ነው»

ወንድሜ፣ ስለ ልጁ ከልቤ አዝናለሁ። በውሻ ምክንያት ድንጋጤ የገባበት ቤት ውስጥ ስለ ውሻ ፍቅር አይሰበክም። ማጥፋቱ ግን ብዙ አገር ተሞክሮ ያልሠራ ነገር ነው። የአንድ ሰፈር ውሾች ሲገደሉ ቆሻሻውና አጥንቱ እዚያው ስለሚቀር ባዶውን ቦታ ሌሎች ይይዙታል፤ የሚመጡት ደግሞ ያልተከተቡ ናቸው። ተከትበው የነበሩትንም ከገደልን ግድግዳችንን ራሳችን አፈረስነው ማለት ነው። ከሰፈሩ ውሻ 70 በመቶው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በመርዝ ከሆነ ደግሞ ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም አብሮ ይሞታል።

የሰው እብድ ውሻ በሽታ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ከውሻ ንክሻ ነው። ልጅህን ለማዳን ውሻውን መክተብ አለብህ። ይኼ መጠለያ ላንተ የአጎት ልጅም ነው የሚሠራው፣ ባትወደውም።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም፦ የነከሰውን ውሻ አግኝታችሁ ማሰር የምትችሉ ከሆነ አትግደሉት፣ 10 ቀን ጠብቁት። በ10 ቀን ውስጥ ጤናው ካልተለወጠ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀኑን ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ታጥቦ ዕለቱን ክትባት ይጀምራል።

ሐቁን_ልንገር
ጥር 29፣ ከጠዋቱ 3፡22

የ10 ቀኑን አላውቅም ነበር። የኛዎቹ በድንጋይ ነው የጨረሱት። በሌላው አሁንም አልተስማማሁም።

የሥጋ_ቤት_ልጅ
ጥር 29፣ ከቀኑ 6፡40

ግማሽ ቀን፣ ስለ ምግብ ማንም አላነሣልህም። ሁዳዴ ሊገባ ነው እኮ። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ 31 ውሻ ምን ሊበላ ነው? የኛ ቤት የሙስሊም ሥጋ ቤት ነው፤ በጾሙም ክፍት ነን። ለማንም የማንሸጠው ትራፊ ማታ ማታ ይኖራል፣ ሰው ይላኩና እንሰጣለን። አባቴ ራሱ ነው ንገሪው ያለኝ።

ውሻ ቤት ውስጥ አናስገባም፤ ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ ነው የሚታጠበው። ግን በሐዲስ በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ወንጀሉ እንደተማረለት ልጅ ሆነን ነው የተማርነው።

የዘጌው
ጥር 29፣ ከቀኑ 8፡15

እህቴ የጻፍሽውን አንብቤ ደነቀኝ። በኛም እመቤታችን ለተጠማ ውሻ በወርቅ ጫማዋ ውሃ ማጠጣቷ በተአምሯ ይነበባል፤ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ እያየሁ ነው ያደግሁት። ያንቺም ጫማ፣ የኛም ጫማ።

እኔ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። በጾሙ ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ይደራል፤ ቀረሶ ሲሞለጭ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለፔሊካን ነው የሚጣለው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ባልዲ ይዞ የሚመጣ ካለ ሙሉ ነው የሚሄድ።

ጡረተኛው
ጥር 29፣ ከቀኑ 9፡00

ሁለታችሁም ተባረኩ። ግን ሥጋውም ዓሣውም ሳይቀቀል እንዳይሰጥ። ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ የኮሶ ትል እጭ ዘመድ ነው። ጥሬውን የበላ ውሻ ትሉን ሆዱ ውስጥ አሳድጎ እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ይበትናል። ከዚያ ሰው ሲነካካ ከረጢቱ በሰው ጉበት ያድጋል። ቀቅሉት፣ ውሾቹንም በየ6 ሳምንቱ የኮሶ ትል ክኒን ስጧቸው። ዓሣውም አጥንቱ እስኪላላ ይንፈቅፈቅና ከበቆሎ ገንፎ ጋር ይደባለቅ።

ቁልፍ_ያዢዋ
ጥር 30፣ ከምሽቱ 2፡20

ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። ዘንዘልማ መንገድ፣ ጀርባዋ የተላጠ አህያ ስትል አወቅሁት። እዚያ ግቢ የምሠራው እኔ ነኝ። እትዬ ይኼን መድረክ አያነቡም፣ እንዳትነግራቸው።

ዶክተር፣ ሁሉም ስለ ውሻው ጻፈልህ፤ እኔ ስለ ረቡዕ ልጻፍልህ። አንተ ማክሰኞ ትመጣለህ፣ ሐሙስ ትመጣለህ። ውሻ ረቡዕ ነው የሚታመም። ካንተ በፊት የነበረው ሐኪም ጎበዝ ነበር፣ እጁ ቀላል። ግን ሁሉም ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። ወረቀት ላይ የሚጽፍልን «ቢ አይ ዲ» ነው። ምን ማለት እንደሆነ ማን ነግሮን? እኔ 2 ፍሬ አንድ ላይ ስሰጥ ከረምኩ፤ ለካ ጠዋትና ማታ ማለት ኖሯል። ውሻዋ አልሞተችም፣ ግን ለአንድ ሳምንት ስታስመልስ ሰነበተች። እኔም በልቤ ይኸው እስካሁን አለ። እሱ አንድ ቀን መምጣት ሲያቆም የትኛው እንደተከተበ፣ የትኛዋ እንደመከነች የሚያውቅ ጠፋ። አሁን ሆዷ ላይ ጠባሳ ፈልገን ነው የምንለየው።

በጥር ቡችሎች ሞቱብን፣ 7። ደም እየተቀመጡ። ማታ ደውዬ ነበር፣ ስልኩ አልተነሣም። አልፈርድበትም፣ የትርፍ ሰዓት ሰው ነው፤ ልጆችም አሉት።

የምትመጣ ከሆነ በአማርኛ ጻፍልኝ። ጠዋት፣ ማታ፣ ስንት ፍሬ፣ ስንት ቀን። 8ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ማንበብ እችላለሁ። ጉሉኮስ መስቀልም ብታሳየኝ እሰቅላለሁ።

እንስት_ሐኪም
ጥር 30፣ ከምሽቱ 2፡45

ግማሽ ቀን፣ ከላይ ያልነውን ሁሉ እርሳውና ይኼን ደጋግመህ አንብብ።

ባለጋሪው
የካቲት 2፣ ከጠዋቱ 2፡00

ፈረስም ትቀበላላችሁ? አንገትጌው ያቆሰለው አለኝ። የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት፣ ብሶበታል።

ጡረተኛው
የካቲት 2፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዘይቱን ተው ወንድምዓለም፣ የባትሪ ውሃም የሚሉህን እንዳትሰማ። ውሃ አፍልተህ ጨው ጣል አድርግበት፣ ለብ ሲል በዚያ እጠብ። ቁስሉ እስኪደርቅ ጋሪ አትጫንበት፤ ሳይድን ከጫንከው በሚቀጥለው ወር ፈረስ የለህም። ሲድን አንገትጌውን ቁስሉ የነበረበት ላይ እንዳያርፍ አድርገህ በጨርቅ ወፈር አድርገው። ትኩሳት ካለው ወይ በደም ሥሩ መስመር ቋጠሮ ቋጠሮ ካወጣ ክሊኒክ ውሰደው፣ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ለሌላ ፈረስም ይተርፋል።

ግማሽ_ቀን
መጋቢት 21፣ ከምሽቱ 3፡50

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ገባሁበት። ክትባቴን 2 መርፌ ጨርሼ ነው የጀመርኩት፣ ጋሼ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ማንንም አላከምኩም። ከቁልፍ ያዢዋ ጋር ደብተር አሰመርን። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ፦ ስም፣ ቀለም፣ ጾታ፣ የክትባት ቀን። ስም ያልነበራቸው 9 ነበሩ፤ እሷ አወጣችላቸው። «ሻይ ቤት» የምትባል ውሻ አለች፣ ምክንያቱን አልጠየቅሁም። 31 የተባሉት ሲቆጠሩ 33 ሆኑ። የደብተሩ መጨረሻ ገጾች «ረቡዕ» ይላሉ፤ እኔ በሌለሁበት የሆነው ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ስደርስ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው፤ የወረዳ ሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ ሪፖርት አግኝቼ አላውቅም።

ፍሪጁ እንዳላችሁት የወጥ ቤቱ ነበር። ቴርሞሜትሩን ሳስገባ 14 ዲግሪ አሳየኝ። ውስጡ የነበረውን ክትባት ሁሉ ጥዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። እትዬ በዚህ ቀን አልቀየሙኝም፣ ዋጋውን ሲሰሙ ነው የተቀየሙት።

በሩ ላይ ግን ተጣላን። የካቲት አጋማሽ ላይ አንድ ካርቶን ውስጥ 5 ቡችሎች ተጣሉ። ለብቻ ይሁኑ አልኩ፤ ማታ ብርድ ነው ብለው እትዬ ወጥ ቤት አስገቧቸው፣ ከሌሎቹ ቡችሎች ጋር። በ4ኛው ቀን አንዱ አስመለሰ። ሽታውን ቁልፍ ያዢዋ ከእኔ ቀድማ አወቀችው፤ በጥር ወር የገደለብን ነው አለች። ፓርቮ ነበር፣ ቡችላ በተቅማጥ የሚጨርሰው ቫይረስ። ደም ሥራቸው ላይ ካኑላ አስገብቼ ጉሉኮሱንና ሪንገር የሚባለውን ፈሳሽ ማንጎው ዛፍ ላይ በሚስማር ሰቀልን። ሌሊቱን እሷ አደረች፣ እኔ ጠዋት ወረዳ መድረስ ነበረብኝ። 3 ሞቱ፣ 2ቱ ተረፉ። ከነባሮቹም 1 ሞተ። በረኪናውን 1 እጅ ለ30 እጅ ውሃ በጥብጠን፣ መጀመሪያ ቆሻሻውን ጠርገን፣ ከዚያ 10 ደቂቃ አስቀምጠን አጠብን። አፈሩን ግን ማጠብ አይቻልም፤ ቫይረሱ እዚያ እስከ ዓመት ይቆያልና ያንን ጥግ በቆርቆሮ አጠርነው። ቡችላ አይረግጠውም።

በማግሥቱ እትዬ ራሳቸው የቆርቆሮ በር አሠርተው «ይኼ ያንተ ክፍል ነው፣ ቁልፉን ያዝ» አሉኝ። ቁልፉን ለማን እንደሰጠሁት ታውቃላችሁ።

ማምከን ጀምረናል፣ በየቅዳሜው 3 ወይ 4። የመጀመሪያዋ 2 ሰዓት ፈጀችብኝ፤ ላም ላይ የለመደ እጅ የውሻ ማህፀን ሲፈልግ አንጀት ብቻ ነው የሚያገኝ። አሁን ወደ 40 ደቂቃ ወርጃለሁ። የመከነችውን ጆሮዋን ጫፉ ላይ ቆረጥ እናደርጋለን፣ ከእንግዲህ ጠባሳ ፍለጋ የለም። ብልቱ ላይ እንደ አበባ ጎመን ያለ ዕጢ ያለበት አንድ ወንድ ውሻ አለን፤ ደም ያንጠባጥብ ነበር። ቪንክሪስቲን በሳምንት አንድ ጊዜ እየወጋሁት 4ኛው ላይ ነን፣ ዕጢው ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ጓንት ሳታደርጉ እንዳትነኩት፣ የካንሰር መድኃኒት ነው።

ሥጋ ቤቱ ልጅ፣ አባትሽን አመስግኚልኝ። የዘጌው፣ ባልዲህ ሞልቶ ይመጣል። ሁሉም እየተቀቀለ ነው፤ ሰፈሩ ሽታውን አማርሮ አንድ ቀን መጥቶ ነበር፣ ውሾቹ መከተባቸውን ደብተሩን ሳሳያቸው 2 ሰዎች የራሳቸውን ውሻ አመጡ።

አንድ ያልፈታሁት አለ። አንዲት አሮጊት ውሻ ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ ቫይረስ ይዟት አሁን ነርቯ ውስጥ ገብቷል፤ መንጋጋዋ ያለማቋረጥ ያኝካል፣ በቀን ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። መዳኛ የለውም። ልናሳርፋት ይገባል ብዬ አምናለሁ። እትዬ «ነፍስ የሰጣት ይውሰዳት፣ አንተ ማን ነህ?» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነሣሁት፣ ሦስቴም አለቀሱ። መንቀጥቀጡን የሚያበርድ ዳያዜፓም እየሰጠሁ ነው። ልክ እየሠራሁ እንደሆነ አላውቅም። እንስት ሐኪም፣ አንቺ እንዴት ታደርጊ ነበር?

እንስት_ሐኪም
መጋቢት 21፣ ከምሽቱ 4፡30

አላባብልህም፣ እኔ አሳርፋት ነበር። ግን አራተኛ ጊዜ በቃል አታንሣው። እትዬን አንድ ቀን ሙሉ አጠገቧ እንዲቀመጡና ስትወድቅ እንዲቆጥሩ አድርግ። ደብተሩ ላይ በእጃቸው ይጻፉት። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው የጠሩኝ ሰው አውቃለሁ። ያልጠሩኝም አሉ፣ ያኔ ዳያዜፓሙን ይዞ መቀጠል ነው።

እናትህስ?

ግማሽ_ቀን
መጋቢት 21፣ ከምሽቱ 4፡38

ስልክ ማንሣት ጀምራለች። ባለፈው እሑድ «ያች ሻይ ቤት ያልካት ውሻ ደህና ናት?» አለችኝ።

ባጃጅ_ነጂው
መጋቢት 21፣ ከምሽቱ 4፡52

የኔዎቹ 6 ቅዳሜ ይምጡ? በባጃጅ አይገቡልኝም እንጂ።

ግማሽ_ቀን
መጋቢት 21፣ ከምሽቱ 4፡55

አታምጣቸው፣ እኛ እንመጣለን። ከትበን፣ አምክነን እዚያው ሰፈራቸው እንለቃቸዋለን። መጠለያ ቦታ የለም፤ 34 ላይ ዘግተናል።

ቁልፍ_ያዢዋ
መጋቢት 22፣ ከጠዋቱ 12፡40

ዶክተር፣ 36 ነው። አሁን በሩን ስከፍት ካርቶን አገኘሁ፣ 2 ናቸው። ያንተ ክፍል አስገብቼ ቆልፌያለሁ፣ እትዬ አላዩም። ወተት ለብ አድርጌ ሰጠኋቸው፣ አንዱ ጠጣ፣ አንዱ እምቢ አለ። ረቡዕ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።